የፈንዲሻ አሥር ቀናት

ፈንዲሻ የውሻችን ስም ነው። ስሙን ያወጣችላት የመጨረሻዋ ልጄ ናት። አዲስ አበባ የምትኖረው እህቴ በካርቶን አድርጋ በሰው ስትልክልን፣ ልጄ ክዳኑን ከፍታ ነጭ፣ ክብ፣ ጸጉሩ የፈካ ነገር ስታይ "እማ፣ ፈንዲሻ!" አለች፤ በዚያው ጸና። ዛሬ አራት ዓመት ሆኗታል። ክብደቷ ሦስት ኪሎ አይሞላም።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ውበቷ ላወራችሁ ብዬ አይደለም። ባለፈው ዓመት በፋሲካ ማግስት ይህቺ ሦስት ኪሎ የማትሞላ ፍጥረት የአንድ የሰባት ዓመት ልጅ እጅ ነክሳ፣ የእናቴንና የጎረቤቷን የአርባ ዓመት ጉርብትና ለአሥር ቀናት በቋፍ አቆይታው ነበር። ጥፋቱም የእሷ አልነበረም። የእኛ፣ በተለይም የእኔ ነበር።

እኛ ያለነው ወልዲያ ነው። የሰፈራችን ሰው "ፑድሏ" ይላታል፤ በእኛ አገር ትንሽና ጸጉራም ውሻ ሁሉ ፑድል ነውና። የእሷ ዘር ግን ማልቲዝ ይባላል። ከሜዲትራንያን ባሕር አካባቢ የመጣ ጥንታዊ ዘር ነው፤ የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከ2300 ዓመት በፊት ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የዚህ ዓይነቱን ትንሽ ውሻ ይጠቅሳል። ያደገ ማልቲዝ 3 ኪሎ፣ ቢበዛ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ ቁመቱ ከ25 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም። በደንብ ከተያዘ ከ12 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። ጸጉሩ እንደ ሐር ለስላሳ ነው፤ ከሥሩ ብርድ የሚከላከል ሁለተኛ ጸጉር የለውም። ስለዚህ ብዙም አይረግፍም፣ ምንጣፍም አያበላሽም። ነገር ግን እንደ ሰው ጸጉር እያደገ ስለሚሄድ ካላበጠሩት ይተበተባል።

ከመልኩ በፊት ማወቅ የነበረብኝ ግን ጠባዩን ነው። ሌላው ውሻ በግ እንዲጠብቅ፣ አውሬ እንዲያባርር፣ አደን እንዲከተል ተብሎ ሲራባ የኖረ ነው። ማልቲዝ ግን ለብዙ ዘመናት ሲራባ የኖረው ከሰው ጉያ እንዲቀመጥ ነው። ሥራው ሰው መውደድ ነው። ፈንዲሻ እንጀራ ስጋግር ከምጣዱ ትንሽ ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ተከትላኝ ትወጣለች፤ በሩን ዘግቼባት ስሄድ እንደ ሕፃን ታለቅሳለች። ትንሽ መሆኗንም አታውቅም። በደጃችን ጭነት ይዞ የሚያልፍ አህያ ሁሉ የእሷን ፈቃድ ሳይጠይቅ እንዳለፈ ቆጥራ ትጮኽበታለች። ሌሊት ኮሽ ሲል መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት። የጎረቤቶቻችን ትልልቅ ውሾች የሚነሡት እሷ ከቀሰቀሰቻቸው በኋላ ነው።

እናቴ የምትኖረው መርሳ ነው። ፈንዲሻ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታያት ፊቷን አጨማደደች። ለእሷ ውሻ ማለት ደጅ የሚያድር፣ ፍርፋሪ የሚወረወርለት፣ ሌባ ሲመጣ የሚጮኽ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ከዚያ ያለፈ ውል በሰውና በውሻ መካከል የለም። ጥቂት ቆይታ ግን፣ "ጃንሆይም እንዲህ ያለች ነበረቻቸው፤ ሉሉ የምትባል" አለች። "እሳቸው ግን ጃንሆይ ናቸው። አንቺ ማን ነሽ?" ሳቅንና አለፍን። እውነትም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ትንሿን ሉሉን ሳያስታውስ አይቀርም።

በእናቴ ሰፈር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ውሻ ያሳድራል፤ ወደ ቤት የሚያስገባ ግን አይገኝም። የቤተ ክርስቲያንን ቅጥር ውሻ አይረግጥም። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር፣ የሚታጠብ ነው። ስለዚህ መርሳ ስሄድ የፈንዲሻን ሳህን ለብቻው ይዤ እሄዳለሁ፤ ጎረቤት ሲመጣም ከክፍሉ አስወጣታለሁ። ይህን የሚያህል ጥንቃቄ ስለማደርግ ኃላፊነቴን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እኛ ቤት ፈንዲሻ ውሻ ሆና አታውቅም። አሻንጉሊት ነበረች። ልጆቹ ሪባን ያስሩላታል፤ እንግዳ የመጣ እንደሆነ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ከምንበላው ሁሉ ትቀምሳለች፤ ወጥ፣ ብስኩት፣ ኬክ፣ አንዳንዴም ቸኮሌት። ከአልጋ ላይ ትዘላለች፣ ከሶፋ ላይ ትወረወራለች። ስትሮጥ ድንገት አንዷን የኋላ እግሯን አጥፋ በሦስት እግር እየነጠረች ትሄድና እንደገና በአራቱም መሮጥ ትጀምራለች። "እስክስታ ጀመረች!" እያልን እንስቅ ነበር። ልጄ በስልኳ ቀርጻ ለአክስቷ ልካላታለች። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ።

ከካርቶኑ ጋር አንዲት የክትባት ካርድ መጥታ ነበር። እህቴ በቡችላነቷ ያስከተበቻት የመጀመሪያው ክትባት ተጽፎባታል። "የእብድ ውሻ በሽታ" ከሚለው ፊት ለፊት ያለው መስመር ግን ባዶ ነበር። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የሚሰጥ ነው፤ እኛ ዘንድ ስትደርስ ገና አልሞላትም ነበርና ማስከተብ የእኔ ድርሻ ነበር። ዛሬ ነገ ስል አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አለፈ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያትም ዝግጁ ነበር፤ "ከቤት አትወጣ! ከማን ይይዛታል?" ሦስት ኪሎ የማትሞላ ነገር ሰው ትገድላለች ብሎ ማን ያስባል?

ለፋሲካ ወደ መርሳ ወረድን። ከወልዲያ በሲሪንቃ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቅርብ ነው፤ አየሩ ግን ሌላ ነው። ወልዲያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ ሀብሩ ስትወርዱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ውሻ እንደ ሰው በቆዳው አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ፈንዲሻ ገና ከመኪና እንደወረደች እያለከለከች ከእናቴ ማንጎ ዛፍ ሥር ተዘረጋች። ያን ቀን አልተነሣችም። በማግስቱ፣ ሰኞ፣ እዚያው ጥላ ሥር ተኝታ ሳለ የጎረቤታችን የልጅ ልጅ በአጥሩ መግቢያ ገባ።

ልጁን አውቀዋለሁ። እናቴ ቤት ያደገ ነው ማለት ይቻላል። አያቱና እናቴ አርባ ዓመት አንድ አጥር ተጋርተው የኖሩ፣ ቡናቸውን በተራ የሚያፈሉ ናቸው። በእኛ ፋሲካ እሳቸው "እንኳን አደረሳችሁ" ሊሉ ይመጣሉ፤ በእነሱ ኢድ እናቴ ትሄዳለች። ልጁ ፈንዲሻን ሲያያት ዓይኑ በራ። የሆነውን በዓይኔ አላየሁም፤ ከውስጥ የሰማሁት መጀመሪያ የውሻዋን ጩኸት፣ ቀጥሎ የልጁን ነው። ስወጣ የቀኝ እጁን አውራ ጣት ሥር ይዞ ቆሟል። ደም አለ። ፈንዲሻ ከግድግዳው ሥር ተሸጉጣ ትንቀጠቀጣለች።

ብቸኛው በትክክል ያደረግነው ነገር መታጠቡ ነው። እጁን ከቧንቧ ሥር አድርገን በሳሙና ብዙ ደቂቃ አጠብነው። በኋላ እንደተነገረን እንዲህ ያለ ቁስል ለ15 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ቡና፣ አመድ፣ ቅቤ አይደረግበትም። ሳሙናው ራሱ የበሽታውን ቫይረስ ይገድላል።

አያቱ መጡ። ፊታቸውን መቼም አልረሳውም። ጩኸት የለ፣ ቁጣ የለ፤ ልጁን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ወደ እኔ ዞሩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። "ተከትባለች?"

አልመለስኩም። ዝምታዬን እናቴም ሰማችው።

የልጁ አባት ባጃጁን እያበረረ ደረሰ። አንድ የሰፈር ሽማግሌ "የእብድ ውሻ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ፤ በወተት ነው የሚሰጠው፤ እዚያ ውሰዱት" አሉ። አባትየው አመነታ። በዚህ ጊዜ ያመነታ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ሥር ጠጥቶ የዳነ የሚመስለውም አብዛኛውን ጊዜ የነከሰው ውሻ ከመጀመሪያውም ያላበደ ስለሆነ ነው። ያበደ ውሻ የነከሰውን ሰው ግን ምልክቱ አንዴ ከታየበት የሚያድነው የለም፤ ሐኪም ቤትም ቢሆን። ለዚህ ነው ክትባቱ ከምልክቱ መቅደም ያለበት። አያትየው ቁርጡን ተናገሩ፤ "ዱዓውን እኔ አደርጋለሁ፤ እናንተ ወደ ሐኪም ሂዱ።"

መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ተቋም ቁስሉን አይቶ፣ ክትባቱ እንደሌለው ነግሮ ወደ ሌላ ላከን። በበዓል ቀን ከመርሳ ወልዲያ ወጣን። መንገዱን ሁሉ አባትየው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ልጁ ጭኔ ላይ ተኝቶ "አንቺ፣ ፈንዲሻን ትመቻታለሽ?" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ "እኔ እኮ የኋላ እግሯን ነው የያዝኩት፤ ላነሣት ፈልጌ" አለ።

ክትባቱ ወልዲያ ተገኘ። የመጀመሪያው መርፌ ክንዱ ላይ ተወጋ፤ ቀጣዮቹ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን እንደሚሆኑ ተነገረን። ትልልቆቻችሁ ሆድ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ የሚወጋውን የድሮውን መርፌ ታስታውሱ ይሆናል፤ ክንድ ላይ የሚወጋው አዲሱ ነው። የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ማዳኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ "ፓስተር" የሚባለው ስፍራ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ በሽታው ግን ዛሬም አለ፤ ወደ ሰው የሚመጣውም ከ100 ጊዜ 99ኙን በውሻ በኩል ነው።

በማግስቱ በሀብሩ ወረዳ የሚሠራ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም እናቴ ቤት መጣ። የለመደው በሬ፣ በግና በቅሎ ነው፤ ፈንዲሻን ሲያይ ፈገግታውን መደበቅ አቃተው። ቀጥሎ የተናገረው ግን የሚያስቅ አልነበረም። "አትገደልም፣ አትለቀቅም፣ ዛሬም አልከትባትም" አለ። "ለ10 ቀን ለብቻዋ ትዘጋለች። ያበደ ውሻ ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ ሲገባ ምልክቱ ቢዘገይ ቢዘገይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታያል። በ10ኛው ቀን እየበላች፣ እየጠጣች፣ ጤነኛ ሆና ከቆየች፣ ልጁን በነከሰችበት ሰዓት በምራቋ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ገድላችኋት ቢሆን ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር።" ብዙ ሰው የነከሰውን ውሻ ወዲያው ይገድላል፤ በዚህም እውነቱን አብሮ ይቀብረዋል።

ከመሄዱ በፊት በበሩ ክፍተት ስትራመድ አያትና ግንባሩን ቋጠረ። "ይህ በሦስት እግር መሄድ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ።

"ዱሮም እንዲህ ናት፤ እስክስታዋ ነው" አልኩት።

"እስክስታ አይደለም፤ ሕመም ነው።"

በትንንሽ የውሻ ዘሮች ላይ የጉልበት ሎሚ ከቦታው መንሸራተት የተለመደ ችግር ነው። ሎሚው ሲወጣ እግሯን ታጥፋለች፤ ሲመለስ መሬት ታስረግጠዋለች። ቀላል ሲሆን ክብደት በመቀነስና ከከፍታ እንዳትዘል በማድረግ ይያዛል፤ ሲብስ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ልጁ "የኋላ እግሯን ነው የያዝኩት" ያለኝ በዚያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ተኝታ ሳለች፣ በማታውቀው ግቢ፣ በሙቀት ደክማ፣ የታመመውን እግሯን ይዞ ሲያነሣት ነከሰችው። ሌላ ምን ቋንቋ አላት? ለአንድ ዓመት በሦስት እግሯ ስትነግረን እኛ ቪዲዮ እንቀርጽ ነበር።

ልጆቼን ትምህርት ቤታቸው እንዳይቀር ከአባታቸው ጋር ሰድጄ እኔ መርሳ ቀረሁ። አሥሩን ቀን በእናቴ ዕቃ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት ማለት እችላለሁ። ጠዋት ውኃ ጠጣች ወይ? ምራቋ ይዝረበረባል ወይ? ድምፅዋ ተለውጧል ወይ? ጥግ ትፈልጋለች ወይ? እየጻፍኩ እይዝ ነበር። ልጁ መርፌውን ሊወጋ ሲሄድ እኔም እሄድ ነበር። አባትየው ገንዘቤን አልቀበልም አለኝ። ቢቀበለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቡናው ነበር። እናቴ በተራዋ ቀን አፈላች፤ ጎረቤታችን አልመጡም። በእሳቸው ተራ ደግሞ እናቴን የጠራት የለም። እናቴ ሁለት ስኒ ብቻ ቀድታ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝና ዝም አለች። አርባ ዓመት ሲቀዳ የኖረ ስኒ ባዶውን ረከቦቱ ላይ ተቀምጦ ሳየው፣ በካርዷ ላይ ባዶ የቀረው መስመር ትዝ አለኝ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ መርፌ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ሐኪሙ ተመልሶ መጣ። ፈንዲሻ ሳህኗን ልሳ ጨርሳ ጅራቷን እየቆላች ተቀበለችው። ጉልበቷን በጣቱ ዳስሶ ያለውን አረጋገጠ። ቀጥሎ ወደ ጎረቤት ሱቅ ወስደናት፣ ላስቲክ አንጥፈን፣ በሽንኩርት ሚዛን መዘናት፤ 2 ኪሎ ከ800። "ለእሷ አጥንት ግማሽ ኪሎው ትርፍ ነው" አለኝ። አስቡት፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ10 ኪሎ በላይ ትርፍ ሥጋ እንደ መሸከም ነው። የሚዛኑ ነገር ለመድኃኒትም ዋና ነገር ነው። ለከብት የተዘጋጀን የትል ወይም የመዥገር መድኃኒት "ትንሽ ጠብ አድርጉላት" ብሎ በግምት መስጠት ይህን የምታህል ውሻ ሊገድል ይችላል።

ክትባቱን ሊሰጣት ነው ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር አመጣ። "አንድ ብልቃጥ ከተከፈተ ለብዙ ውሻ ይበቃል። ለእሷ ብቻ ከፍቼ የቀረውን አልደፋም። የሰፈሩን ውሾች አምጡልኝ።" እናቴ የራሷን የግቢ ውሻ በገመድ አወጣች። ልጆች በየደጁ ሮጡ። ከአፍታ በኋላ ከአጥሩ ማዶ የልጁ አባት አንድ ትልቅ ቀይ ውሻ በሰንሰለት እየጎተተ ብቅ አለ። የእነሱም ውሻ አልተከተበም ነበር። እኔን አየኝ፤ ውሻውን አየው፤ "እኛም ያው ነን ለካ" አለ። ከአሥር ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ሐኪሙ ያን ቀን ያስረዳን ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከ100ው 70ው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል። አንድ ሰው ብቻውን የሚያደርገው አይደለም፤ እንደ ዕድር ነው።

ማታ ጎረቤታችን መጡ። ማዳበሪያ ከረጢት አነጠፍንላቸው፣ ተቀመጡ። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ" ብዬ ተነሣሁ። "አብሽሪ" አሉኝ። "ልጁ ተርፏል፤ አልሐምዱሊላህ። አንቺን የተቀየምኩት ስለነከሰችው አይደለም፤ ውሻ ይነክሳል። ስጠይቅሽ ዝም ስላልሽ ነው።" እናቴ ከሰሉን አራገበች።

ከዚያ ወዲህ ፈንዲሻ ውሻ ሆናለች፤ እኛም የውሻ ባለቤት ሆነናል። ተመሳሳይ ውሻ ላላችሁ ወይም ልጆቻችሁ ለሚለምኗችሁ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ምግቧ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በልክ ነው፤ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ ሩዝ፣ ካሮት። ገና ቡችላ ከሆነች ግን ስኳሯ ቶሎ ስለሚወርድ በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ትበላለች። ወጥ ቀርቷል፤ ምክንያቱም የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ የቡና አተላም መርዟ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይበሳል። መርሳ ስንሄድ ደግሞ የማንጎ ፍሬ ከመሬት እንለቅማለን፤ ብትውጠው አንጀቷን ይዘጋዋል። በበዓል በግ ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር የቆየ ልማዳችን ነው፤ በዚያ በኩል የሚገባ የትል ዘር በውሻው ዓይነ ምድር ወጥቶ ወደ ሰው ሲተላለፍ በጉበትና በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። የሆድ ዕቃውን ቀቅሉት ወይም ቅበሩት፤ የትል መድኃኒቷንም በሐኪም ትእዛዝ በየጊዜው ስጧት።

ጸጉሯን በየቀኑ፣ በተለይ ከጆሮዋ ጀርባና ከብብቷ ሥር፣ አበጥሩ። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ታጥባ በደንብ ትድረቅ። ለቆላ ሲሆን ጸጉሯን አሳጥሩ፤ እስከ ቆዳዋ ግን አትላጩ፤ ነጭ ውሻ በፀሐይ ትቃጠላለች። ትንሽ አፍ ውስጥ እንደ ትልቅ ውሻ ሁሉ 42 ጥርስ ስለሚታጨቅ ጥርሷ ቶሎ ይበላሻል፤ በሕፃን ብሩሽ አጽዱላት፤ የሰው የጥርስ ሳሙና ግን አትጠቀሙ። አንገቷ ላይ ገመድ አትሰሩ፤ የትንንሽ ውሾች የአየር ቧንቧ ስስ ነው፤ በደረት በኩል የሚታሰር ይሻላል። አልጋ ላይ ዘላ እንዳትወጣና እንዳትወርድ ከሥሩ ደረጃ የሚሆን ነገር አድርጉላት። እኛ የጤፍ ማዳበሪያ አጣጥፈን አስቀምጠንላታል። ፈንዲሻ ዛሬ 2 ኪሎ ከ400 ናት፤ "እስክስታዋ" ከስንት አንዴ ነው የሚታየው።

ልጆችንም አስተምሩ። የተኛች፣ የምትበላ፣ የተሸጎጠች ውሻ አትነካም። ውሻ ወደ ልጁ ትመጣለች እንጂ ልጅ ወደ ውሻ አይሄድም። አሻንጉሊት ብትመስልም መንጋጋ አላት፤ ከመንጋጋው በላይ ደግሞ የሚያማት ሥጋ አላት።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚታሰብበት የዓለም ቀን ብዙውን ጊዜ መስከረም 18 ላይ ይውላል፤ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። እኛ ቤት ይህ ቀን ተቆርጦለታል። ደመራው አመዱ ሳይበርድ ካርዷን ይዤ እወጣለሁ።

ዘንድሮም ለፋሲካ መርሳ ነበርን። ልጁ መጣ፤ አድጓል። ፈንዲሻ ማንጎው ሥር ተኝታለች። ከአጥሩ መግቢያ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ እንዳስተማርኩት ቁጭ አለና እጁን መሬት ላይ አድርጎ ጠበቀ። እሷም ቀና ብላ አየችው። አልተነሣችም። እሱም አልተንቀሳቀሰም። ከውስጥ የቡናው ጢስ ይወጣል፤ ሁለቱ ሴቶች ያወራሉ። "ንካት" ልለው አፌ ላይ መጣ፤ ተውኩት። መጠበቅን ከእኔ የበለጠ ያውቅበታል።